ባቡሩ ወድቆ መናፈሻው ያለፈበት ማክሰኞ

ዛሬም የምጽፍላችሁ ከኤርፖርቱ የታክሲ መጠበቂያ ሜዳ ነው። ከፊቴ አርባ ምናምን መኪና አለ፤ ተራዬ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ አለኝ። ጽሑፉ ይረዝማል። «ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ አረፍ በሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ አንዲት ፈረንጅ እናት ከኤርፖርት ጫንኩ። አይ ፋይቭ ላይ መሀል ሲያትል ስንደርስ እንደ ልማዱ ትራፊኩ ቆመ። የቆምነው ልክ ከዚያ ትልቅ ኮንክሪት ድልድይ ሥር ነበር፤ ሲያትል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከላዩ ዛፍ የበቀለበት። እሳቸው በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ ያንን መናፈሻ እኔ ነኝ የመረጥኩት አሉኝ። ባቡሩንም በዚያው ቀን መርጬ ነበር፣ እሱ ግን ወደቀ፣ ለዚህ ነው አንተና እኔ አሁን እዚህ የቆምነው ብለው ሳቁ። ሜትሩ ይቆጥራል፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ በዚያ ድልድይ ሥር 17 ዓመት ነድቻለሁ። አንድም ቀን ከላይ ወጥቼ አላየሁትም። ማን ሠራው፣ በማን ገንዘብ፣ መቼ ብዬም ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጣሁበት፤ በሳምንቱ ውስጥም እዚህ ሜዳ ላይ ተራ ስጠብቅ ያገኘሁትን ሳነብ ሰነበትኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐይቁ ነው። ሱዋርድ ፓርክ ለፋሲካ ማግስት ሥጋ የምንጠብስበት፣ ልጆቻችን ውሃ ዳር የሚሮጡበት ሐይቅ፣ ሌክ ዋሽንግተን ማለቴ ነው። በ1950ዎቹ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ፍሳሻቸውን የሚለቁት እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነበር፤ በቀን እስከ 20 ሚሊዮን ጋሎን። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይሸት ነበር፤ የመዋኛ ዳርቻዎች ላይ መዋኘት ክልክል ነው የሚል ምልክት ተተከለ። እያንዳንዷ ከተማ የራሷን ፍሳሽ እንጂ የጎረቤቷን አላይ አለች። ውሃ ግን የከተማ ድንበር አያውቅም።

እዚህ ላይ ጂም ኤሊስ የሚባል ጠበቃ ብቅ ይላል። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድም ቀን ለሥልጣን ተመርጦ አያውቅም። ታናሽ ወንድሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1945፣ ጀርመን ውስጥ ሞተ። ኤሊስ ሐዘኑ ሊሰብረው ሲል ሚስቱ ሜሪ ሉ፣ ወንድምህ ሊኖር ይችል የነበረውን ሕይወት አንተ ለሕዝብ ሥራ አውለው ብላ እንደመከረችው ራሱ ሲናገር ኖሯል። እኛ አገር ለሟች ተዝካር ይወጣል፤ የዚህ ሰው ተዝካር ሃምሳ ዓመት ወሰደ ማለት ይቻላል። በ1958 ከተሞቹን በአንድ የፍሳሽ ድርጅት ለማሰባሰብ የሕዝብ ድምፅ አስጠየቀ። በመጋቢት ወደቀ። ክልሉን አጥብበው በመስከረም እንደገና አቀረቡት፣ አለፈ። በአሥር ዓመት ውስጥ ፍሳሹ ከሐይቁ ወጣ፤ ውሃውም ጠራ። ዛሬ ልጆቻችን የሚዋኙበት እሱ ነው።

ይህ ከሠራ ሌላውስ ለምን አይሠራም ብሎ ኤሊስ በ1965 መገባደጃ ለከተማው የንግድ ሰዎች ትልቅ ንግግር አደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከተማው እያደገ ነው፣ ሕዝቡ እየጨመረ ነው፣ ስለዚህ መንገዱን፣ ባቡሩን፣ ፍሳሹን፣ መናፈሻውን፣ ስታዲየሙን አሁን በአንድ ጊዜ እንሥራ፤ ነገ መሬቱም ይወደዳል፣ ዛፉም ያልቃል። ለሁለት ዓመት ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ ተጠና፣ ተከራከሩበት። ስሙን ፎርዋርድ ትረስት አሉት፤ ወደ ፊት መግፋት እንደማለት ነው።

ድምፁ የተሰጠው የካቲት 13 ቀን 1968፣ ማክሰኞ ነበር። በኛ የካቲት 5 ቀን 1960 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀኑን ለማስታወስ እንዲመቻችሁ፦ አዲስ አበባና አስመራ የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግደው፣ እኛም አራተኛ ወጥተን ካዘንን ገና አንድ ወር አልሞላም ነበር። አባቶቻችን ስለ ኳሱ ሲያወሩ እዚህ የኪንግ ካውንቲ ሰው ወረቀት ይዞ ተሰልፎ ነበር።

ዋሽንግተን ስቴት ለማትኖሩ አንድ ነገር ላስረዳ። ቦንድ ማለት መንግሥት ዛሬ ይበደራል፣ ባለቤቶች ደግሞ ብድሩን በቤት ግብራቸው ለብዙ ዓመት ይከፍላሉ ማለት ነው። በዚህ ስቴት ሕግ እንዲህ ያለው ብድር እንዲያልፍ ግማሽ ድምፅ አይበቃም፤ ከመቶ 60 ያስፈልጋል። ከመቶ 59 ሰው እሺ ቢልም ወድቋል።

በዚያ ማክሰኞ ለሕዝቡ አንድ ደርዘን ያህል ጥያቄ ቀረበለት። ሰባቱ አለፉ። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው የመናፈሻና የመዝናኛ ቦንዱ ነበር፤ 118 ሚሊዮን ዶላር። ያን ጊዜ ይህ ምን ያህል ገንዘብ እንደነበረ አስቡት። ለስታዲየም 40 ሚሊዮን አለፈ። ለባቡሩ የተጠየቀው 385 ሚሊዮን ነበር፣ የቀረውን ሰፊውን ድርሻ ዋሽንግተን ዲሲ ልትከፍል። ባቡሩ 50.8 በመቶ አገኘ። ከግማሽ በላይ ሰው ፈልጎት ወደቀ።

ሰው ለምን መናፈሻውን እሺ፣ ባቡሩን እንቢ አለ? እኔ የታክሲ ሰው ነኝ፣ ምሁር አይደለሁም፤ ግን መናፈሻ ሁሉም ሰው በዓይነ ኅሊናው ያየዋል። ለሰፈሬ ዛፍ፣ ለልጄ ገንዳ፣ ለሽማግሌው አግዳሚ ወንበር። ባቡሩ ግን ለዚያኛው ሰው ነው፤ እሱ ይሳፈርበት፣ እኔ መኪና አለኝ ይላል። ይህን በየቀኑ ከኋላ ወንበሬ እሰማዋለሁ። ሰው ሁሉ ሌላው ሰው ባቡር ቢሳፈርለት ደስ ይለዋል፤ መንገዱ እንዲለቀቅለት።

በግንቦት 1970 ባቡሩ እንደገና ቀረበ። ይሄኔ ግን የከተማው እንጀራ ጌታ ቦይንግ መታመም ጀምሮ ነበር። በደህናው ጊዜ እዚህ አካባቢ መቶ ሺህ ሰው የሚያሠራው ኩባንያ በ1971 ጸደይ ከ40 ሺህ በታች ሆነ። በዚያን ሰሞን ሁለት የቤት ደላሎች ከኤርፖርቱ አጠገብ ከሲያትል የመጨረሻው የሚወጣ ሰው መብራቱን ያጥፋ የሚል ሰሌዳ ተከሉ። ቀልድ ነበር፤ ሥራ ለፈታ ሰው ግን ቀልድ አይሆንም። ባቡሩ በ1970 ያገኘው ድምፅ ወደ 46 በመቶ ወረደ። ፌዴራል መንግሥቱ ሊሰጥ ያዘጋጀው ወደ 900 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላርም ሌላ ቤት ፈለገ። የት ሄደ መሰላችሁ? አትላንታ። እነሱ በ1971 ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ባቡራቸው በ1979 ሥራ ጀመረ። አትላንታ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ማርታ ላይ ስትሳፈሩ የሲያትልን ሰው በልባችሁ አመስግኑ። የኛ ባቡር ኤርፖርት የደረሰው በ2009 መጨረሻ ነው። አርባ ዓመት! እውነቱን ልንገራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ያኔ አልፎ ቢሆን ኖሮ እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ምን እሠራ ነበር? ስለዚህ ብዙም አልቆጣም።

ወደ መናፈሻው ልመለስ። 118 ሚሊዮኑ ምን ሠራ?

አይ ፋይቭ በ1960ዎቹ ሲሠራ ከተማውን እንደ ቢላ ነው የሰነጠቀው። መሀል ከተማው በአንድ በኩል፣ ፈርስት ሂልና ካፒቶል ሂል በሌላ በኩል ቀሩ። ገና ሳይሠራ በ1961 ሰዎች ክዳን ይደረግበት ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ከፎርዋርድ ትረስት ድምፅ በኋላ ኤሊስና ጓደኞቹ ያንን አሮጌ ሐሳብ አነሱት። የሎውረንስ ሃልፕሪን ቢሮ፣ በተለይ ከቡልጋሪያ የመጣችው ንድፍ ሠሪ አንጄላ ዳናጂዬቫ፣ በመንገዱ አናት ላይ መናፈሻ ነደፉ። ሐምሌ 4 ቀን 1976፣ አሜሪካ ሁለት መቶ ዓመቷን ባከበረችበት ዕለት ተከፈተ። በፍሪዌይ ላይ እንዲህ ያለ መናፈሻ በዚህ አገር ሲሠራ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

እሑድ ስወጣበት ያየሁት፦ ወደ ሁለት ሄክታር የሚሆን ቦታ፣ ሻካራ ኮንክሪት በሣጥን በሣጥን የተደረደረ፣ በየሣጥኑ ዛፍ። በመሀሉ ገደል የመሰለ የፏፏቴ ቦታ አለ፤ ውሃው እንዲጮህ ታስቦ የተሠራ ነው፣ የመኪናውን ጩኸት እንዲሸፍን። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መሬቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ያ ንዝረት እኔ ነኝ፤ እኔና እንደኔ ያሉት ከሥር የሚነዱ። ከጥግ ላይ የሚተኛ ሰው ነበር፤ ከወዲያ ደግሞ ሁለት ወጣቶች ሙሽራ መስለው ፎቶ ይነሳሉ። ማዕዘኑ ብዙ፣ ጥላው ብዙ ስለሆነ ለዓመታት ሰው ሲፈራው የኖረ ቦታ ነው። አጠገቡ ያለው የስብሰባ አዳራሽ ሲስፋፋ ለማደሻ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ተስማምቷል። ዛሬ በኤሊስ ስም ይጠራል። እሱ በ2019 ነው ያረፈው፤ ለነፍሱ።

ሁለተኛው ጋዝ ወርክስ ነው። ለጁላይ አራት ርችት ሰው የምታደርሱ ሾፌሮች መከራችሁን የምታዩበት። ከ1906 እስከ 1956 ከድንጋይ ከሰል፣ በኋላም ከዘይት ጋዝ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር። ሲዘጋ መሬቱ በሬንጅ የተነከረ፣ ማማዎቹ የዛጉ ሆነው ቀሩ። ሁሉም ሰው አፍርሱት፣ አፈሩን ጥረጉትና ሣር ትከሉ ነበር የሚለው። ሪቻርድ ሃግ የሚባለው የመናፈሻ ንድፍ ሠሪ ግን ዝገቱ ራሱ ታሪክ ነው፣ ይቆይ አለ። አፈሩንም ጠርጎ ሌላ ሰፈር ከመጣል ይልቅ ፍሳሽ ዝቃጭና ሰጋቱራ እያበሉት ሕያዋን ተሕዋስያን እንዲያጸዱት አደረገ። ቦታው በሟች የምክር ቤት አባል በሜርትል ኤድዋርድስ ስም ሊጠራ ነበር፤ ቤተሰቧ ዝገቱ ሊቆይ መሆኑን ሲሰሙ ስማችንን አንሡ አሉ። በ1975 ተከፈተ። ቤተሰቡን አልፈርድባቸውም፤ ሰው በእናቱ ስም ዝገት አይፈልግም። ዛሬ ግን ዓለም የሚያጠናው ዝገቱን ነው። (አፈሩ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ በ1984 ለጊዜው ዘግተውት ነበር፣ ክትትሉም እስከ ዛሬ አለ። ልጆች አፈር እንዳይበሉ።)

ሦስተኛው ዲስከቨሪ ፓርክ፣ ከ500 ኤከር በላይ፣ የከተማው ትልቁ። ፎርት ሎተን የሚባል የጦር ሠፈር ነበር። ሠራዊቱ ሊለቀው መሆኑ ሲሰማ ከተማው ለመናፈሻ ፈለገው። በመጋቢት 1970 ግን የመሬቱ የጥንት ባለቤቶች፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች፣ በርኒ ዋይትቤር በሚባል ሰው መሪነት አጥር ዘለው ገቡ። የነጠቃችሁንን መሬት ትርፍ ሆነ ካላችሁ ለኛ መልሱ ነው ነገሩ። ወታደር አባረራቸው፤ ተመልሰው መጡ። በድርድር 20 ኤከር ለ99 ዓመት በኪራይ አገኙ፤ በ1977 የባህል ማዕከላቸውን እዚያው ከፈቱ። ይህን የምነግራችሁ መናፈሻ ሲባል ሁሉም ነገር ሰላም እንዳይመስላችሁ ነው። አረንጓዴ መሬት ሁሉ የሆነ ሰው መሬት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ፤ ልጽፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው።

ከፎርዋርድ ትረስት አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1964፣ የዚሁ ከተማ ሰው ሌላ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር፦ ባለቤት በቀለም ምክንያት ቤት አላከራይም፣ አልሸጥም እንዳይል የሚከለክል ሕግ ይውጣ ወይ? ከሁለት እጅ በላይ ሆኖ እንቢ አለ። ጥቁር ሕዝብ ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ ታጥሮ ቀረ። ሕጉ የወጣው ዶክተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ፣ በሚያዝያ 1968፣ በምክር ቤቱ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መናፈሻውን እሺ ባለበት በየካቲት ጥቁር ሰው በፈለገው ሰፈር ቤት የመከራየት መብት በሕግ አልነበረውም። በጥር 1969 ደግሞ ለዚህ መብት ሲታገል የኖረው የኧርባን ሊግ መሪ ኤድዊን ፕራት ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ።

የመናፈሻው ገንዘብ ሲከፋፈል እዚያም ሰፈር ደረሰ። ከጋርፊልድ ሃይ ስኩል አጠገብ ያለው ገንዳ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ በ1963 በተገደለው በሜድጋር ኤቨርስ ስም የተሰየመው፣ የዚያ ቦንድ ልጅ ነው። በፕራትም ስም የሰፈር መናፈሻ አለ፤ በበጋ ውሃ የሚረጭበት፣ ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው የሚጯጯሁበት። ሰውየው የሞተው ሰው በፈለገው ቦታ እንዲኖር ብሎ ነው፤ ስሙ የቀረው ሰው በግድ እንዲኖርበት በተደረገው ሰፈር ነው። ይህን እያሰብኩ ትናንት በዚያ ሳልፍ ፍጥነቴን ቀነስኩ።

እኛስ? እኛ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስንመጣ ቤቱ የረከሰው እዚያው ሴንትራል ዲስትሪክት ነበር። ቼሪ መንገድ ላይ ምግብ ቤቶቹን የከፈትነው፣ ዕድሩን ያቋቋምነው ለዚያ ነው። ኪራዩ ሲንር ወደ ደቡብ ወረድን፦ ሬኒየር ቢች፣ ስካይዌይ፣ ተኩዊላ፣ ኬንት። ባቡሩ በማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ ሲመጣ ደግሞ እዚያም ኪራይ ተከትሎ መጣ።

ሬኒየር ቢች ላይ የነበረው አሮጌ ገንዳም ከዚያው ቦንድ ዘመን የተረፈ ነው። ትልቁ ልጄ እዚያ ነው ዋና የጀመረው። ጣራው እንደሚያፈስ፣ የልብስ መቀየሪያው እንደሚሸት አስታውሳለሁ። እኔ ራሴ ዋና አልችልም፤ ያደግኩበት ሰፈር ሜዳ እንጂ ገንዳ አልነበረውም፣ ሜዳውም ዛሬ ፎቅ ነው። ልጄ ውሃው ላይ ተንሳፎ ሲሄድ ሳይ መስታወቱን ይዤ እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ ለእናቱ አልነገርኳትም። ይሄን ካነበበች አወቀች።

ያ ገንዳ ለምን እንዲያ ሆነ? ነገሩ ቦንዱ ውስጥ ነው ያለው። የቦንድ ገንዘብ መሥሪያ ነው። የጣራ መጠገኛ፣ የቦይለር መቀየሪያ፣ የአስተማሪ ደመወዝ ከሌላ ኪስ ነው የሚመጣው። በ1968 ሰው እሺ ያለው ለሪባን መቁረጫው ነው ማለት ይቻላል። ካውንቲው በዚያ ገንዘብ ከደርዘን በላይ ገንዳ ሠራ፤ በ2002 ባጀት ሲያጥረው ማሞቅ አቃተው። ገንዳዎቹን ለየከተሞቹ ማስረከብ ጀመረ፤ የማይረከብ ከተማ ያለበት ገንዳ መዘጋት ዕጣው ሆነ። ሠርግ ደግሶ ጎጆ እንዳለመውጣት ነው።

ሲያትልም እንደዚያው። በ2000 የ198 ሚሊዮን፣ በ2008 የ146 ሚሊዮን የመናፈሻ ግብር ሕዝቡ አጸደቀ፤ እነዚህም በአብዛኛው ለአዲስ መሬትና ለአዲስ ሥራ ነበሩ። በ2014 ሲቆጠር ከተማው ሳይጠገን ያደረው የመናፈሻ ሥራ ብቻ 267 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ተገኘ። የሚያፈስ ጣራ፣ የበሰበሰ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ ገንዳ። ሬኒየር ቢች ከዚያ በፊት ዕድለኛ ነበር፤ አሮጌው ፈርሶ በ25 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ማዕከልና ገንዳ በ2013 ተከፈተ። ታናሿ ልጄ የተማረችው በአዲሱ ነው፤ መንሸራተቻ ያለው። እሷ ጣራ እንደሚያፈስ አታውቅም።

በነሐሴ 2014 ሕዝቡ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚጠየቀውን ግብር ትቶ፣ የመናፈሻ ዲስትሪክት የሚባል ራሱን የቻለ የግብር አካል እንዲቋቋም ድምፅ ሰጠ። ይህ ብድር ስላልነበረ ግማሽ ድምፅ ይበቃው ነበር፤ 53 በመቶ አካባቢ አግኝቶ አለፈ። መጀመሪያ ላይ ከቤት ዋጋ በየሺህ ዶላሩ ወደ 33 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ የ500 ሺህ ዶላር ቤት ያለው ሰው በዓመት 165 ዶላር። ሕጉ እስከ 75 ሳንቲም ይፈቅዳል፤ ከዚያ ወዲህም ከፍ ብሏል። ተከራይ ነኝ አይመለከተኝም የምትል ወንድሜ፣ አከራይህ የግብሩን ደረሰኝ የሚያነበው የኪራይ ጭማሪህን ሲጽፍ ነው። እኔም ቤት ከገዛሁ ጀምሮ ያ ወረቀት ሲመጣ አጉረመርማለሁ። ግን ልጄ ዋና ትችላለች፤ እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ተጣልቼ ነው የምኖረው።

ስታዲየሙን ረሳሁት። በዚያው ማክሰኞ 40 ሚሊዮን የተፈቀደለት ኪንግዶም በ1976 ተከፈተ። ጣራው መርገፍ ጀመረ፣ ለጥገናው ሌላ ብድር ተወሰደ፣ በመጋቢት 2000 በፈንጂ ወደ አቧራ ተለወጠ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው ግን በ2015 ነው። ሕንፃው በሌለበት አሥራ አምስት ዓመት ተከፈለበት። መናፈሻዎቹ ደግሞ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ቀን ተመርጠው ዛሬም ሣር ናቸው። የትኛው ኢንቨስትመንት እንደነበረ እናንተ ፍረዱ።

አዲስ አበባ ስለሚሠሩት ፓርኮች ገጼ ላይ ስትፋጁ አያለሁ። ዛሬ አልገባበትም፤ የሚቀጥለውን ሰላሳ ኮሜንት መቋቋም አልችልም። እዚህ የገረመኝን ብቻ ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ ዋጋው ይነገራል፣ ቀጥሎ ይጠየቃል፣ እንቢም ይባላል። በ1911 እዚሁ ሲያትል አንድ ኢንጂነር መርሰር አይላንድን ሙሉውን ለሕዝብ መናፈሻ እንግዛው የሚል ግሩም እቅድ አቅርቦ ነበር። ሕዝቡ ውድ ነው ብሎ ጣለው። ዛሬ እዚያ ደሴት ላይ ያሉትን ቤቶች ዋጋ የሚያውቅ የኤርፖርት ሾፌር ያውቃል።

እናቲቱን ቤታቸው ሳደርሳቸው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ አንተስ ትመርጣለህ? ዜግነት ካገኘሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለፕሬዝዳንት መርጫለሁ አልኳቸው። የነሐሴውንስ አሉኝ። ዝም አልኩ። የነሐሴው ፖስታ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ነው ቤታችን የሚደርሰው፤ ከማስታወቂያው ጋርም ነው ወደ ቆሻሻ የሚሄደው። የመናፈሻ ዲስትሪክቱ ያለፈው ደግሞ በነሐሴ ነው። በዚያ ሰሞን የትኛው ገንዳ ይጠገን፣ የትኛው ሜዳ መብራት ይግባለት የሚል ስብሰባም ይጠራል፤ የኛ ቡድን እሑድ የሚጫወትበት ሜዳ በአሥራ አንድ ሰዓት ሲጨልምበት እናማርራለን፣ ስብሰባው ላይ ግን ከኛ ሰው ማን እንደሄደ እስካሁን አልሰማሁም። የሄዳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ምን እንደተባለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የዘንድሮውን ፖስታ ከኩሽናው ጠረጴዛ አንሥቼ መኪና ውስጥ አምጥቼዋለሁ፤ አሁን ከጎኔ ወንበር ላይ ነው። ብዕር አጥቼ ከፊቴ ያለውን ሶማሌ ወንድሜን ለምኜ ነው ያገኘሁት። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፣ ሰባት መኪና ቀረኝ። የፕራት ፓርክን ፎቶ ማታ እለጥፍላችኋለሁ።